የድቡ ወራሾች

ሜይ 2015 እ.ኤ.አ.፣ ፕሌይቶኒክ የሚባል አንድ ፍሬ የእንግሊዝ የጌም ስቱዲዮ ኪክስታርተር ላይ 175 ሺህ ፓውንድ ጠየቀ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ገንዘቡ ሞላ። ዘመቻው ሲዘጋ ከ73 ሺህ በላይ ሰው ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አዋጥቷል። አስቡት፣ ገና ላልተሠራ ጌም!

ሰዉ የከፈለው ለትዝታው ነው። ስቱዲዮውን ያቋቋሙት ሬር የሚባለው ኩባንያ የቀድሞ ሠራተኞች ናቸው፤ በ1998 ለኒንቴንዶ 64 «ባንጆ ካዙዊ»ን የሠሩ ሰዎች አሉበት። ድብ ነው፤ ጀርባው ላይ ቦርሳ፣ ቦርሳው ውስጥ አፏ የማያርፍ ወፍ። ማይክሮሶፍት በ2002 ሬርን በ375 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛው ድቡም አብሮ ሄደ። በ2008 ሲመለስ መኪና እየገጣጠመ ይነዳ ነበር። የድሮ ወዳጆቹ የናፈቃቸው ግን ዝላዩ ነው እንጂ መሪ መጨበጥ አልነበረም። እናም ፕሌይቶኒኮች ስሙን መውሰድ ባይችሉም መንፈሱን ወሰዱ፦ በድቡ ፈንታ እስስት፣ በወፏ ፈንታ የሌሊት ወፍ። ስሙም «ዩካ ሌይሊ»።

ኤፕሪል 2017 ወጣ፤ ብዙውን ሰው ቅር አሰኘ። ተቺዎችም ተከፋፈሉ። ካሜራው አልታዘዝ ይል ነበር (ኋላ ላይ አሻሽለውታል)። ለእኔ ግን ዋናው ጣጣ ስፋቱ ነው። አምስት ዓለም አለው፤ በሰበሰባችሁት ልክ ዓለሞቹን ይበልጥ ማስፋት ትችላላችሁ። ቦታው ሲሰፋ ግን እዚያ የሚሠራው ነገር አብሮ አልሰፋም። ትሮጣላችሁ፣ ትሮጣላችሁ፣ ሜዳ ነው። የባንጆ የመጀመሪያው ደረጃ እኮ ትንሽ ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ በቃላችሁ ትይዙታላችሁ። ሰፊ ያስመሰለው ልጅነታችን ነው። ፕሌይቶኒኮች የሠሩት ትዝታችን የሚያክለውን ነበር፣ ጌሙ የሚያክለውን ሳይሆን።

ከዚያ ምን አደረጉ? አሳነሱት። ኦክቶበር 2019 «ዩካ ሌይሊ ኤንድ ዘ ኢምፖሲብል ሌየር» መጣ፤ ደረጃዎቹ ከጎን የሚታዩ፣ እንደ ጥንቱ ወደፊት ብቻ የሚሮጥባቸው። 20 ደረጃ፣ እያንዳንዱም ሁለት መልክ ያለው፦ አንዱን ውሃ ታጥለቀልቁታላችሁ፣ ሌላውን በረዶ ታደርጉታላችሁ፣ ያው ቦታ እንግዳ ይሆንባችኋል። ደስ የሚለው ደግሞ የመጨረሻው ዋሻ ከመጀመሪያው ጀምሮ ክፍት መሆኑ ነው። ደፋር ከሆናችሁ ግቡ! ካልቻላችሁ በየደረጃው ንቦች ታስለቅቃላችሁ፤ አንዷ ንብ አንድ ምት ትችልላችኋለች።

ፈርተው ነው የሚል አይጠፋም። እኔ አይመስለኝም። ሬር በ1994 «ዶንኪ ኮንግ ካንትሪ»ን ሲሠራ ከእነሱ አንዳንዶቹ እዚያ ነበሩ፤ ከጎን የሚታይ ጌም ለእነሱ የቆየ ሙያ ነው። ተቺዎችም ከታላቁ ይልቅ ይህን ታናሹን ወደዱት።

የሰፊው ዓለም ነገር ግን ከሆዳቸው አልወጣም። በ2024 የመጀመሪያውን ጌም እንደገና እየሠሩት መሆኑን አስታወቁ፤ በ2025 «ዩካ ሪፕሌይሊ» ተብሎ ወጣ። በዚህኛው ካርታ ጨምረውበታል።