ዓይነ ብርቱዎች፣ ክፍል ሁለት

«ስካነርስ ሁለት፦ አዲሱ ሥርዓት» ታላቅ ፊልም አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ውድ አንባቢ ከእኔ የፊልም ሂስ እንዳይጠብቅ ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ በአነስተኛ ገንዘብ የተሠራ፣ ለዳይሬክተሩ ለክርስቲያን ዱጌ የመጀመሪያው የሆነ፣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድን ከአስፈሪ ታሪክ ጋር ያዳቀለ ሥራ ነው። እኔ ያየሁት በልጅነቴ፣ ባሕር ዳር ውስጥ፣ መስኮቱ በጆንያ በተከደነ ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቄ ነበር። እንግሊዝኛው አልገባኝም፤ ነገሩ ግን ገባኝ። አንድ ሰው ሌላውን አፍጥጦ ያየዋል፤ የታየው ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ይደማል፣ ይወድቃል። ከአጠገቤ የተቀመጠው ልጅ «ቡዳ ነው!» አለ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገንም።

የመጀመሪያውን «ስካነርስ» የጻፈውም ያዘጋጀውም ዴቪድ ክሮነንበርግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ለእይታ በቃ። ፊልሙ ዛሬም ድረስ የሚታወሰው በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የአንድ ሰው ጭንቅላት በሚፈነዳበት ትዕይንት ነው። ያን ጊዜ የኮምፒውተር ጥበብ እንዲህ አልረቀቀምና፣ አስመስለው የሠሩትን ጭንቅላት በልዩ ልዩ ትርፍራፊ ሞልተው ከበስተጀርባው በጠመንጃ ተኮሱበት። እኔን የባንክ ቤቱን ሰው የበለጠ የሚገርመኝ ግን የሒሳቡ ነገር ነው። በዚያ ዘመን የካናዳ ሕግ በአገር ውስጥ ፊልም ላይ ገንዘቡን ያዋለ ሰው ያወጣውን ሁሉ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እንዲቀንስ ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ የግብር ዘመኑ ሳያልፍ ቀረጻው እንዲጀመር ሲባል ድርሰቱ ሳያልቅ ካሜራው ተነሣ፤ ክሮነንበርግም እየጻፈ ይቀርጽ ነበር። የግብር ቀን ያዋለደው ቅዠት ብዬ ብጠራው የሚቀየመኝ ያለ አይመስለኝም።

በክፍል ሁለት ክሮነንበርግ የለም። የፊተኛው ዋና ተዋንያንም የሉም። ከፊተኛው ጀምሮ የነበረው ፕሮዲውሰሩ ፒየር ዴቪድ ነው። እንግዲህ ርካሽ ተከታይ ፊልም ማለት ይኸው ነው፦ ታሪኩ ተገዝቶ አልቋል፤ የሚያስፈልገው ሌላ ሰው አምጥቶ በዚያው ቦታ ማቆም ብቻ ነው። በዚህኛው ዴቪድ ኬለም የተባለ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ከገጠር ወደ ከተማ ይመጣል፤ የሰው ሐሳብ ሁሉ በጆሮው ይጮህበታል። ፎሬስተር የተባለ የፖሊስ አዛዥ ያገኘዋል። አዛዡ ከተማዋን «ለማጽዳት» እነዚህን ሰዎች መሣሪያ ሊያደርጋቸው ይሻል፤ የቀሩትንም ሱስ በሚያስይዝ መድኃኒት እያደነዘዘ አስሮ አስቀምጧቸዋል።

ሁለቱም ፊልሞች የቆሙበት አንድ ሐሳብ አለ፤ ርካሽነታቸውን ይቅር የምለውም ስለ እሱ ነው። ኃይሉ የሰይጣን አይደለም፤ የተፈጥሮም አይደለም። ነፍሰ ጡር እናቶች «ኤፌመሮል» የሚባል ማስታገሻ ተሰጥቷቸው ልጆቹ እንዲያ ሆነው ተወለዱ። ከአስፈሪው ዓይን በስተጀርባ አንድ ድርጅት፣ አንድ ውሳኔ፣ አንድ ፊርማ አለ።

ያ ልጅ ቡዳ ያላቸው የእኛዎቹስ በማን ውሳኔ ተፈጠሩ?

ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን ጣናን ተሻግረን ደንቢያ እንግባ፤ ከዚያም ወደ ጎንደር። ይህ የቤተ እስራኤል አገር ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ወግተው ካሸነፏቸው በኋላ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ከርስቱ እንዲነቀል ፈረዱ ይባላል፤ «ፈላሻ» የሚለውንም ስም ብዙዎች ከዚህ ያያይዙታል። መሬት የሌለው ሰው ምን ይብላ? ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ፣ ሸማ ለበቀ። በጎንደር ዘመን ደግሞ ለነገሥታቱ ግንብ ከገነቡትና እንጨት ከጠረቡት መካከል እነሱ ነበሩ። ገበሬው ማረሻውን ከእነሱ ይገዛል፤ ሚስቱ ምጣዱን ከእነሱ ትገዛለች፤ ማታ ግን እነዚያው ሰዎች ጅብ ሆነው ይወጣሉ ተብሎ በር ይዘጋል። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል፦ «ጠይብ» የሚለው ስድብ ከ«ጠቢብ» የወጣ ነው።

የዚህ እምነት ሐዲድ ከቤተ እስራኤል መንደር አልፎ ይሄዳል። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት በሸዋ አማሮች ዘንድ ቡዳ የሚባለው ርስት የሌለው የእጅ ባለሙያ፣ ፈሪው ደግሞ ባለርስቱ መሆኑን አሳይቷል። ፍርሃቱ የመሬቱን ድንበር ተከትሎ ይሄዳል ማለት ነው።

የውጭ አገር ሰዎችም ከዚህ ፍርሃት አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ1805 መጥቶ ለዓመታት በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ ከሞተ በኋላ በ1831 በታተመው መጽሐፉ፣ ጆሮአቸው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለባቸው ጅቦች እንደሚገደሉ ጽፏል። ወዳጁ ኮፊንም አሽከሩ ፈቃድ ጠይቆ ሲወጣ ወዲያው አንድ ጅብ በሜዳው ሲሮጥ እንደታየ መስክሯል። ቆመው ያዩ ሰዎች ናቸው ይህን ያሉት! እነዚህ እንግሊዞች ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ቢሆኑ ከእኛ እኩል በጮኹ።

በደብተሮች እጅ የሚጻፈው ክታብም የራሱ ትዕይንት አለው። በ«ጸሎተ ንድራ» ጌታ ከሐዋርያቱ ጋር በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሲሄድ አንዲት አስፈሪ አሮጊት ይገጥማቸዋል፤ ዓይነ ጥላ ናት፤ ታቃጥላለች፣ አመዷም ለነፋስ ይበተናል። እኛ የምንኖረው በሌላ ባሕር ዳር ነው፤ ይሁንና ክታቡን በአንገቱ ያሰረ ሰው ሁሉ የራሱን አሮጊት በራሱ መንደር ቢፈልግ አይደንቅም።

ፍለጋውም ሥርዓት አለው። ልጅ ያተኩሳል፤ ጤና አዳም ይሸተታል፤ ጭስ ይታጠናል። ከዚያ «ማን በላህ?» ተብሎ ይጠየቃል። በትኩሳት የሚቃዠው ልጅ የአንድ ሰው ስም ይጠራል፤ ያ ስም ምስክርም ፍርድም ይሆናል። ሐሳብ የሚያነብ ካለ በዚህች ቤት ውስጥ ከበሽተኛው ዙሪያ የቆሙት ናቸው፤ እሱ ከመጥራቱ በፊት ማንን እንደሚጠራ ያውቁታልና።

ነገሩ መንግሥትን የሚጎዳ መሆኑን ዳግማዊ ምኒልክ ተረድተውት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማ ሠሪውን ሸማኔ እያሉ የሚሰድቡትን ገሠጹ፤ የሰው ልጅ ሁሉ ዘሩ አንድ ነው፣ ሠራተኛን እያዋረደ የሚኖር አገር ሠራተኛ ያጣል የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነው። አዋጁ ግን ርስት አልሰጠም። በጣና ዳርም የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው የተገለሉት፣ የደንገል ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች በዚያው በውኃውና በመሬቱ ጠርዝ ላይ ቀሩ፤ የቀድሞ ቋንቋቸው እንኳ ጠፍቶ አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል።

«አዲሱ ሥርዓት» የተባለው ፊልም በወጣበት በእ.ኤ.አ. 1991 የእኛም ሥርዓት ተለወጠ። ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። ሀጋር ሳላሞን የተባለች ተመራማሪ ከተጓዦቹ አንደበት የሰበሰበችውን ትዝታ ይዛ በ1999 ያሳተመችው መጽሐፍ ርእሱ «የጅብ ሕዝብ» የሚል ነው። ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው ወለቃ የሸክላውን ሥራ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ያዙት።

ዋናዎቹ ተዋንያን ሄዱ፤ እምነቱ ግን አብሮ አልተሳፈረም። ያን ፊልም ባየሁበት ዘመን ግድም በሰፈራችን አንዲት ልጅ ታማ በትኩሳት ውስጥ ስም ጠራች። የጠራችው ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሸክላ የምታመጣን የገጠር ሴት ነው፤ ማተብ ያሰረች፣ ጾም የማትገድፍ ሴት። ልጅቷ ከቀናት በኋላ ድና ትምህርት ቤት ተመለሰች። ሴትየዋ ሁለት ቅዳሜ ጀበናና ድስቶቿን ደርድራ ዋለች፤ ማንም ቀርቦ ዋጋ አልጠየቃትም። በሦስተኛው ቅዳሜ አልመጣችም፤ ወሬዋንም የሰማ የለም። እናቴ ቀደም ብላ ከእሷ የገዛችው ድስት ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሽሮ ሲሠራበት ኖረ፤ ሙቀቱን የሚይዝ ጥሩ ድስት ነበር።