ጡት ለማስጣል ሁለት ቁልፍ፦ የወላጆች ጠብና ልጅ በእስልምና ሊቃውንት ዓይን

እናትና አባት ሲጣሉ ልጅ ይጎዳል። ይሄን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ የትኛውም የሰፈር ሰው ይነግራችኋል። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ሁለቱ ሰዎች ተኳርፈው፣ ምናልባትም ተፋትተው እያለ ስለ ልጁ የሚወስነው ማነው? ንዴታቸው ወደ ውሳኔው እንዳይገባስ ምን ይደረጋል? የእስልምና የሕግ ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ከሺህ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። ክርክሩን ስከታተል ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጡት ነው። የቁርኣን ሁለተኛ ምዕራፍ፣ ሱረቱል በቀራ፣ 233ኛው አንቀጽ ስለ ማጥባት ይናገራል። ማጥባቱን ሙሉ ማድረግ ለሚፈልግ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፤ የእናትየዋ ቀለብና ልብስ ደግሞ በአባትየው ላይ ነው። ከዚያ በፊት ጡት ማስጣልም ይቻላል፣ ግን ሁለቱ ተመካክረውና ተስማምተው ከሆነ ብቻ። አሁን አንቀጹ የተቀመጠበትን ቦታ ልብ በሉ። ከፊቱ ያሉት አንቀጾች የሚያወሩት ስለ ፍች ነው። ተያይተው መነጋገር ለማይፈልጉ ሰዎች ጭምር ነው እንግዲህ ተመካከሩ የተባለው።

ግን ለምን የሁለቱም ስምምነት? እኔን በጣም የገረመኝን መልስ የሰጡት ፋኽሩዲን አር-ራዚ ናቸው። ራዚ ፈላስፋም የቁርኣን ተንታኝም ነበሩ፤ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1210 በዛሬዋ አፍጋኒስታን ሄራት ከተማ ነው። ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ እናት ማጥባቱ ሊሰለቻት ይችላል። አባትም ለማጥባቱ የሚከፍለው ገንዘብ ሊሰለቸው ይችላል። ሁለቱም ለየራሳቸው ጥቅም ብለው ልጁን በሚጎዳ ነገር ላይ የሚስማሙት ግን ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ስምምነታቸው ለልጁ እንደ መከላከያ ያገለግላል።

የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ የእንፋሎት ማፍያ ጋን ነው። አደገኛ በሆነ ጋን ላይ አንድ የግፊት መለኪያ ብቻ አይታመንም፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው እንዲያጋልጠው ሁለት ይገጠማል። ይሄ ዘዴ የሚሠራው ግን ሁለቱ መለኪያዎች የሚሳሳቱት በተለያየ ምክንያት ከሆነ ነው። ሁለቱም በአንድ ቱቦ ላይ ከተገጠሙ፣ ቱቦው ሲደፈን እኩል ይዋሻሉ። እናትና አባትስ እኩል ቢሰለቻቸው? ራዚ ይቺን ቀዳዳ አይተዋታል! ሁለቱ ቢስማሙ እንኳ ከሌላ ሰው ጋር መመካከር የተጨመረው ለዚህ ነው ይላሉ፤ ያን ሁሉ ሰው ልጁን በሚጎዳ ነገር ላይ ማስማማት ይከብዳልና። በአስተማማኝነት ትምህርት ክፍል ውስጥ ቢቀርብ የማያሳፍር ሐሳብ ነው።

ያው አንቀጽ ሌላም ነገር ይከለክላል፦ ልጁን መጉጃ ማድረግ። እናት በልጇ ሰበብ አትጎዳ፣ አባትም በልጁ ሰበብ አይጎዳ የሚል ሐሳብ አለው። እ.ኤ.አ. በ923 ባግዳድ ውስጥ የሞቱት አት-ጠበሪ የቀደምት ሊቃውንትን ማብራሪያ ሰብስበዋል። በማብራሪያው ውስጥ ባሏን ለማስጨነቅ ብላ አላጠባም የምትል እናት አለች፤ እሷን ለማንገብገብ ብሎ ማጥባት የምትፈልገውን እናት ልጇን የሚነጥቅ አባትም አለ። ሁለቱንም ዛሬ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ትልልቅ ሰዎችም ከዚህ አላመለጡም። ኢማም ማሊክ ‹‹አል-ሙወጠእ›› በተባለው መጽሐፋቸው የመዘገቡት ታሪክ አለ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ ከአንዲት የመዲና ሴት ዓሲም የሚባል ልጅ ወልደው ተፋቱ። አንድ ቀን ወደ ቁባ ሲሄዱ ልጁን በመስጊዱ ግቢ ሲጫወት አገኙትና ክንዱን ይዘው ከፊታቸው ኮርቻ ላይ አስቀመጡት። የልጁ አያት ደረሱባቸውና ሙግት ተጀመረ። ጉዳዩ ኸሊፋው አቡበክር ዘንድ ቀረበ። ሁለቱም ወገን ልጄ ነው አሉ። አቡበክር ለዑመር የሰጡት መልስ አጭር ነው፦ ልጁን ተውላት። ዑመርም አንዲት ቃል አልመለሱም። ያ ሰው በኋላ ራሳቸው ኸሊፋ የሆኑት ዑመር ናቸው እኮ!

ከዚህ በኋላ ነገሩ በደንብ ሕግ ሆነ። ልጅን ይዞ የማሳደግ መብት ‹‹ሐዷና›› ይባላል፤ ትንሽ ልጅ ከእናቱ ጋር ይቆይ በሚለው አራቱም የሱኒ መዝሃቦች ይስማማሉ። እስከ መቼ የሚለው ላይ ይለያያሉ። በሐነፊዎች ዘንድ የታወቀው ለወንድ 7፣ ለሴት 9 ዓመት ነው። ማሊኪዎች ጊዜውን ያረዝሙታል። ሻፊዒዎች ደግሞ ልጁ ክፉና ደጉን ሲለይ ራሱ ይምረጥ ይላሉ። ሻፊዒና ሐነፊ በአገራችንም በሰፊው የሚታወቁ ናቸው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ደግሞ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ የፍችና የልጅ ሞግዚትነት ጉዳይ እንዲያዩ ሥልጣን ይሰጣል። ስለዚህ ይሄ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም።

ልጁ ይምረጥ የሚለው ጥሩ ይመስላል። ኢብኑል ቀዪም (የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1350) ከመምህራቸው ከኢብኑ ተይሚያ የሰሙትን አንድ ጉዳይ ስሙኝማ። እናትና አባት በልጅ ተካሰሱ። ዳኛው ልጁን ምረጥ ሲለው አባቱን መረጠ። እናትየዋ ግን ብልህ ነበረች፤ ለምን እንደመረጠው ጠይቁልኝ አለች። የልጁ መልስ፦ እናቴ በየቀኑ ትምህርት ቤት ትልከኛለች፣ መምህሩም ይገርፈኛል፤ አባቴ ግን ከልጆች ጋር እንድጫወት ይተወኛል። ዳኛው ልጁን ለእናቱ ፈረደ። (መምህሩንም ቢጠይቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር።) ልጁ አልዋሸም፤ የመረጠው ግን አባቱን ሳይሆን ጨዋታውን ነው።

ሕጉ ራሱም መጉጃ ሊሆን ይችል ነበር። በብዙዎቹ ሊቃውንት አቋም መሠረት እናት ለልጁ ባዕድ የሆነ ሰው ካገባች ሐዷናዋን ታጣለች፤ እንጀራ አባት ልጁን በክፉ ዓይን ያየዋል ተብሎ ስለሚፈራ ነው። በእኔ አስተያየት የክርክሩ ደካማ ጎን ይሄ ነው፤ ለቂመኛ የቀድሞ ባል የተመቸ ማስፈራሪያ ይሰጣል። ይሄን በግልጽ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1836 የሞቱት የደማስቆው ሐነፊ ሊቅ ኢብኑ ዓቢዲን ናቸው። ሙፍቲው ዓይኑን ይክፈት ይላሉ። ልጁን እንውሰድ የሚለው ዘመድ ሞቱን የሚመኝ ሊሆን ይችላል፤ እንጀራ አባቱ ደግሞ የሚያዝንለት። ዘመድየው ልጁን የፈለገው ከቀለቡ ለመብላት ሊሆን ይችላል። ወይም ቤቱ ያለችው ሚስት ልጁን ከእንጀራ አባቱ እጥፍ ድርብ ልታሠቃየው ትችላለች። ዳኛው ይሄን እያወቀ ልጁን ከእናቱ መንጠቅ አይፈቀድለትም፤ የሐዷና ነገር ሁሉ የሚሽከረከረው በልጁ ጥቅም ላይ ነውና።