ከእሩር እስከ ራዳር

በልጅነቴ የእንጅባራን ሜዳ የማውቀው በጤዛው ነው። ታኅሣሥ ሲጋመስ ሣሩ ነጭ ለብሶ ያድራል። ከብት ሳይሰማራበት ማልደን ወጥተን እሩር ስንመታ፣ ያለፈችበት መስመር በጤዛው ላይ ጠቁሮ ይታይ ነበር። የገና ጨዋታን ላላየ አንባቢ፣ እሩር ከጠንካራ እንጨት የተቀረጸች ወይም ከቆዳ የተሰፋች ኳስ ናት፤ አንዳንዱ ጥንግ ይላታል። የምትመታውም ጫፉ በቆለመመ ዱላ ነው።

አንድ ዓመት በበዓሉ ዕለት፣ ባለ በሌለ ኃይሌ የመታኋት እሩር ካሰብኩላት ተጣምማ የአብሮ አደጌን ጥርስ ሰበረች። በዚያ ሜዳ ባላባቱ እንኳ ከሎሌው በሚደርስበት ምት አይቀየምም ይባላል፤ እኔን ግን አያቴ «መስመርህ እስኪቀና ከሰው ጋር አትጫወትም» ብለው ከጨዋታ አገዱኝ። ከማግሥቱ ጀምሮ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሜዳው ዳር ይቆማሉ። እኔ እመታለሁ፤ እሳቸው የጤዛውን መስመር ተከትለው ይሄዱና ይመለሳሉ።

«ክንድህን ተወው» ይሉኝ ነበር፤ «የዱላህን ፊት እይ። እሩር የምትሄደው ፊቱ ወዳየበት ነው።»

እኔ ግን በልቤ አላመንኳቸውም። ኃይሉ ያለው ክንድ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ዱላው እንዴት አቅጣጫ ሊወስን ይችላል ብዬ ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ ወደ አንድ የጎልፍ መለማመጃ ወሰደኝ። ከኋላዬ መሬት ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን ተቀምጣለች። ኳሷን በመታሁ ቁጥር ዱላዬ በየት በኩል እንደተጓዘ፣ ፊቱ ወዴት እንዳየ፣ ኳሷ ምን ያህል እንደተሽከረከረች በመስኮቷ ላይ በቁጥር ትጽፋለች። አስተማሪው ቁጥሩን እያሳየ «ክንድህን ሳይሆን የዱላህን ፊት አስተካክል» ሲለኝ ደነገጥኩ። የአያቴ ቃል ነበር። ያን ዕለት ማታ የዚህን ጨዋታ ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ።

ጎልፍን ለዓለም ያስተዋወቁት ስኮትላንዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1457 የአገሪቱ ፓርላማ ሰዉን ከቀስት ልምምድ ያዘናጋል ሲል ጨዋታውን ከልክሎ ነበር። በ1744 የኤድንበራ ተጫዋቾች በሊዝ ከተማ 13 ደንቦች ጻፉለት። ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ1770፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ እኛው ዘንድ፣ አገው ምድር ግሽ ዓባይ ድረስ መጥቷል።

ኳስ ለምን ትጣመማለች የሚለው ጥያቄም የቆየ ነው። ኒውተን በ1672 በጻፈው ደብዳቤ፣ በተጋደመ ራኬት የተመታች የቴኒስ ኳስ ስትታጠፍ ማየቱን አንሥቷል። ጀርመናዊው ማግኑስ በ1850ዎቹ የሚሽከረከር ነገር በነፋስ ውስጥ ወደ ጎን እንደሚገፋ በሙከራ አሳየ። ጥያቄውን በጎልፍ ሜዳ ላይ ያነሣው ግን የኤድንበራው የፊዚክስ መምህር ፒተር ታይት ነው። በ1890ዎቹ ባሳተማቸው ጽሑፎች፣ በደንብ የተመታች ኳስ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች እንደምትበርና አየር ላይ የሚያቆያትም ያ ሽክርክሪት እንደሆነ አስረዳ። ልጁ ፍሬዲ ታይት በ1896 እና በ1898 የብሪታንያ አማተሮች ሻምፒዮን ሆኗል። አባት በወረቀት፣ ልጅ በሜዳ መሆናቸው ነው። ልጁ በ1900 በደቡብ አፍሪካው ጦርነት ሞተ፤ አባትየውም በዓመቱ ተከተለው።

ይህ ሁሉ ታውቆም አሠልጣኞች ለረጅም ጊዜ የሚያስተምሩት «ኳስ ዱላው በተጓዘበት አቅጣጫ ትነሣለች፤ ኋላ ፊቱ ወዳየበት ትታጠፋለች» እያሉ ነበር። ዱላና ኳስ የሚገናኙት ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ስለሆነ የሚያስተባብል ዓይን አልነበረም። በ2003 በዴንማርክ የተቋቋመው ትራክማን፣ የተተኮሰ ጥይትን ለመከታተል የሚያገለግለውን የራዳር ዘዴ ወደ ጎልፍ አመጣው። የተገኘው ውጤት የቀድሞውን ትምህርት ገለበጠ። ኳስ በአብዛኛው የምትነሣው የዱላው ፊት ወዳየበት ነው፤ የሚያጣምማት ደግሞ በፊቱና በዱላው ጉዞ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በቀኙ የሚመታ ሰው ኳሷ ወደ ቀኝ ተነሥታ ወደ ዒላማው እንድትመለስ ቢፈልግ፣ የዱላውን ፊት ከዒላማው ጥቂት ወደ ቀኝ ያሳያል፤ ዱላውን ደግሞ ከዚያም ይበልጥ ወደ ቀኝ ያስጉዛል። ይህን ለመልመድ ከሣጥኗ ፊት ብዙ ቀን ፈጀብኝ።

አያቴን ከታይት ማስተካከሌ አይደለም። መሬት ለመሬት የምትሄድ እሩር የጎልፍ ኳስን ያህል አትበርም፤ ስለ ሽክርክሪትም ነግረውኝ አያውቁም። ስለ ዱላው ፊት የነገሩኝ ግን ትክክል ነበር፤ ራዳራቸውም ጤዛው ነበር።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የአዊ ፈረስ ጠባቂ አላጣም። በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሱን ሸልሞ አደባባይ ያወጣል፤ ግልቢያውም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ገናም ከባህል ስፖርቶች አንዱ ሆኖ ደንብ ተጽፎለታል። ነገር ግን ደንብ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ ይናገራል እንጂ ዱላ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቁልምሙ ወዴት እንደሚዞር፣ የትኛው እንጨት እንደሚመረጥ አያስተምርም። ያ እውቀት ያለው በሽማግሌዎች እጅ ነው።

አያቴ ዛሬ የሉም። በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን ደብተር ይዤ አልጠየቅኋቸውም፤ ዱላቸው ከምን እንጨት እንደነበረ እንኳ አላውቅም። በዳንግላና በእንጅባራ ገና ሲመቱ ያደጉ አዛውንት ያሏችሁ አንባቢዎች ግን ታኅሣሥ እስኪደርስ አትጠብቁ። እስክሪብቶ ይዛችሁ ከጎናቸው ተቀመጡ።