የሥነ ልቦና ሙከራ አነዳደፍ አጀማመር

ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ሲያቋቁም በዋናነት የሚጠኑት የስሜት ሕዋሳትና የምላሽ ፍጥነት ነበሩ። ትውስታም በሙከራ ሊለካ እንደሚችል ያሳየው ሌላው ጀርመናዊ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ሲሆን፣ ሥራውን በ1885 አሳተመ።

ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው ወደ 2,300 ክፍለ ቃላት አዘጋጀ። የታወቀ ቃል ከቀድሞ ትዝታ ጋር እየተያያዘ አንዱን ዝርዝር ከሌላው ያቀላልና። አጥኚውም ተጠኚውም እሱ ራሱ ነበር። ዝርዝሩን በእኩል ፍጥነት እያነበበ በቃሉ ይይዛል፤ ከደቂቃዎች፣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ እንደገና ያጠናዋል። ሆን ብሎ የሚለዋውጠው የቆይታው ርዝመት ነጻ ተለዋዋጭ ነው። በዚያ ሳቢያ ከፍና ዝቅ የሚለው፣ ማለትም በድጋሚው ጥናት የሚተርፈው ጊዜ፣ ጥገኛ ተለዋዋጭ ይባላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ 44 በመቶ፣ ከአንድ ወር በኋላ 21 በመቶ ገደማ ተረፈ፤ መርሳት መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ኋላ ይዘገያል። በአንድ ሰው ብቻ መሠራቱ ግልጽ ድክመት ነው። ያም ሆኖ በ2015 የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ሲደግሙት ተመሳሳይ ውጤት ማግኘታቸው የአሠራሩን ጥንካሬ ይመሰክራል።

በኤቢንግሃውስ ዘመን በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቻርለስ ፐርስና ጆሴፍ ጃስትሮው አንድ መላምት ፈተኑ፦ ከተወሰነ ወሰን በታች ያለ የክብደት ልዩነት ጨርሶ አይታወቅም የሚለውን። ተጠኚው ቅደም ተከተሉን እንዳይገምት ካርታ በውዘው ወሰኑት። ልዩነቱን አላየሁም የሚል ሰው እንኳ ሲገምት ከዕድል በላይ ትክክል ስለሆነ መላምቱ ወደቀ። ነጻና ጥገኛ የሚለው አጠራር በዘርፉ የተስፋፋው ግን ዘግይቶ፣ በተለይ ከሮበርት ውድዎርዝ የ1938 መማሪያ መጽሐፍ በኋላ ነው።