ርዝመቱን ያልቆጠረው ኮድ

በሲ ቋንቋ ሶኬት ከፍተን ዳታውን በ«ሴንድ» ዝም ብለን ብንለቀው፣ ኔትወርኩን የሚጠልፍ ሁሉ እንደ ፖስትካርድ ያነበዋል። ኔትስኬፕ እ.ኤ.አ. በ1995 ኤስኤስኤል የተባለውን የምስጢር ስልት ያወጣው ለዚሁ ነበር። ወዲያው ኤሪክ ያንግና ቲም ሃድሰን በሲ ጽፈው በነፃ ለቀቁት፤ ከሱም በ1998 ኦፕንኤስኤስኤል ተወለደ። «ሴንድ» ይባል የነበረው «ኤስኤስኤል ራይት» ሆነ፣ በቃ።

ጉዱ የታወቀው ግን በ2014 ነው። በ2012 በወጣው እትም ውስጥ አንዱ ኮምፒውተር «አለህ ወይ?» ብሎ ጥቂት ፊደል ይልካል፣ ሌላው ያንኑ ይመልሳል። ላኪው አንድ ፊደል ልኮ «64 ሺህ ነው የላክሁት» ቢልስ? ሰርቨሩ ሳይቆጥር ያምነዋል! የጎደለውን ከራሱ ሜሞሪ ይቀዳል፤ እዚያ ውስጥ የሰው ፓስወርድ፣ የሰርቨሩ የምስጢር ቁልፍም ሊኖር ይችላል። ሃርትብሊድ ተባለ። ምስጢራዊ ስልቱን የሰበረው የለም እኮ። ሲ ወሰን አይጠብቅልንም፣ ጸሐፊውም መፈተሹን ረሳ፤ ይኸው ነው።

ተማሪዎቼ በወረቀት ላይ ኮድ ሲጽፉ «መምህር፣ ርዝመቱን ሁሌ መፈተሽ ምን ያደርጋል?» እያሉ ያማርራሉ። ኤፕሪል 7 ቀን 2014 የወጣው ማስተካከያ ያከለው ይህንኑ ፍተሻ ነው፤ ጥቂት መስመር ብቻ። ፓስወርድ ቀይሩ የተባለው ሕዝብ ግን ስፍር ቁጥር አልነበረውም።