ዋስ ያልነበራቸው፦ ስለ ወለጋ ሴት የፖለቲካ እስረኞች የተጻፉ የአቤቱታ ደብዳቤዎች

ስለ እስር ቤት ሥነ ጽሑፍ በክፍል የምናስተምረው በአብዛኛው እስረኛው ራሱ የጻፈውን ነው። ስለ እስረኛው የተጻፈው፣ በተለይም ፈጽሞ የማያውቀው ሰው ከሩቅ አገር ለባለሥልጣን የላከው ደብዳቤ፣ እንደ ጽሑፍ ሲመረመር እምብዛም አይታይም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ ነው። መነሻ ያደረግኋቸውም ከ1972 እስከ 1981 ዓ.ም. ክስ ሳይመሠረትባቸው፣ ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ በአዲስ አበባ እስር ቤት የቆዩ ሁለት የወለጋ ሴቶች ናቸው፤ ወይዘሮ ፀሐይ ቶለሳና ጋዜጠኛ ማርታ ኩምሳ።

የወይዘሮ ፀሐይ ባለቤት ቄስ ጉዲና ቱምሳ የቦጂ ተወላጅ ሲሆኑ በነቀምቴ በሚሲዮኑ ሆስፒታል ከሠሩና በዚያው ከተማ በቅስና ካገለገሉ በኋላ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ለመሆን የበቁ ሰው ነበሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ በአዲስ አበባ ከጸሎት ቤት ሲወጡ በታጠቁ ሰዎች ተያዙ። ሚስት ያን ሌሊት ተለቀቁ፤ ባል ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ግን ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ፀሐይ በ1972 ዓ.ም. ተይዘው ድብደባና ስቃይ ሲፈጸምባቸው፣ በኋላም ወደ ወህኒ ሲወርዱ፣ ባላቸው ይሙቱ ይኑሩ በእርግጥ የሚነግራቸው አልነበረም። ሚስት ሆነው ይጠየቁ ወይስ መበለት ሆነው ይልቀሱ? እንደ እኔ አስተያየት ከሰው የመነጠል መጀመሪያው ይህ ነው፤ ሐዘንን እንኳ በወጉ እንዳያወጡ መከልከል።

ማርታ ኩምሳ የደምቢ ዶሎ ልጅ ናቸው። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተም በነበረውና በዚያን ጊዜ በፊደላችን ይጻፍ በነበረው በሪሳ በተባለው የኦሮምኛ ጋዜጣ ይሠሩ ነበር። ባለቤታቸው ሌንጮ ለታ ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሪዎች አንዱ ስለሆኑ፣ የማርታ ጥፋት የተባለው የራሳቸው ሥራ ይሁን የባላቸው ጉዳይ፣ በክስ ወረቀት ላይ ሰፍሮ አናገኘውም፤ ክሱ ስላልነበረ። ሦስት ልጆች ነበሯቸው። በእስር ቤት ሌሎች እስረኞችን ሲያስተምሩ፣ ራሳቸውም ከእስረኞች ቋንቋ ሲማሩ ኖሩ። ይህ የማስተማር ነገር ለወለጋ እንግዳ አይደለም። ከባርነት ነፃ ወጥታ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር የኦሮምኛ መማሪያ መጽሐፍ ያዘጋጀችው አስቴር ጋኖ በዚህ በያዝነው ነገር ውስጥ ልትረሳ አይገባትም፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ከእርሱ ጋር ነቀምቴ ገብታ አስተምራለች። ሴት ልጅ በዚያ አውራጃ ማንበብና መጻፍ ከተማረች ብዙ ዘመን ሆኗል። የኋለኛው መንግሥት ያሰራቸው ሴቶች የዚያ ትምህርት ፍሬዎች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ከእነርሱ አስቀድሞም በ1967 ዓ.ም. የታሰሩት የንጉሣውያን ቤተሰብ ሴቶች ነበሩ። ከነዚህ መካከል የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ልጅና የወለጋው ደጃዝማች ፍቅረ ሥላሴ ሀብተ ማርያም ባለቤት የነበሩት ልዕልት እጅጋየሁ በ1969 ዓ.ም. በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ። የቀሩት ሴቶች የተፈቱት በ1980 ዓ.ም. ነው። የባላባት ሚስትና የቄስ ሚስት በአንድ ግቢ፣ ያውም ሁለቱም ያለ ፍርድ! አብዮቱ እኩልነትን በዚህ በኩል አልነፈገም።

እዚህ ላይ “መነጠል” የሚለውን ቃል ጠበቅ አድርጎ መመርመር ያሻል። በዓለም በቃኝ የነበረው ችግር ብቸኝነት ሳይሆን ጥበት ነበር፤ ሴቶቹ ተፋፍገው ይተኙ ነበር። ሆኖም ክስ የለም፣ ጠበቃ የለም፣ የሚፈቱበት ቀን የለም። ስንቅ የሚያቀብል ዘመድ ለማግኘት ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከ600 በላይ ይርቃል። የወለጋ ሴት በአዲስ አበባ ስትታሰር መንገዱ ራሱ አንድ ግድግዳ ነበር።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የተሠራ ሌላ ዓይነት መነጠያ ነበር። በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት በሌክሲንግተን እስር ቤት ምድር ቤት ውስጥ 16 ክፍሎች ያሉት የሴቶች ልዩ ጥበቃ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1986 ተከፈተ። ግድግዳው ሁሉ ነጭ፣ የፀሐይ ብርሃን የማይገባበት፣ መብራቱ የማይጠፋበት ነበር። ሱዛን ሮዘንበርግ፣ ሲልቪያ ባራልዲኒና አሌሃንድሪና ቶሬስ የታሰሩት በዚያ ነበር። አብያተ ክርስቲያናት፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ የፖርቶ ሪኮ ተወላጆችና አምነስቲ ኢንተርናሽናል ተቃወሙ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ እ.ኤ.አ. በ1988 ዳኛ ባሪንግተን ፓርከር ለእስረኞቹ ፈረዱ፤ ክፍሉም ተዘጋ። በዓመቱ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ ክፍሉ ግን እንደተዘጋ ቀረ። ከእኛው ጋር ሳነጻጽረው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል፤ እዚያ አቤት የሚባልበት ችሎት ነበር። የእኛዎቹ ሴቶች የነበራቸው ደብዳቤ ብቻ ነው።

ደብዳቤውን የጻፈው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1961 የተመሠረተው አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያ ዘመን ይሠራበት በነበረው ደንብ መሠረት አባላቱ የሚሟገቱት ለራሳቸው አገር እስረኛ ሳይሆን ለሌላ አገር እስረኛ ነበር። የዓለም አቀፉ የደራስያን ማኅበር የፔን የታሰሩ ጸሐፍት ኮሚቴም እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ እንዲሁ ይሠራ ነበር። ለማርታ ሁለቱም ቆመዋል። ለወይዘሮ ፀሐይ የአምነስቲና የውጭ አብያተ ክርስቲያናት ሰዎች ደጋግመው ጽፈዋል።

እነዚህን መሰል ደብዳቤዎች እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው ስመለከታቸው በመጀመሪያ የሚታየኝ ትሕትናቸው ነው። “ክቡር ሆይ” ብሎ ይጀምራል፤ ስድብ የለበትም፤ እስረኛዋን በስሟ ይጠራል፤ የታሰረችበትን ዓመት ይጠቅሳል፤ ለምን እንደታሰረች ይጠይቃል፤ በአክብሮት ይሰናበታል። ከወር በኋላ ያንኑ ይደግማል። የቅኔም ሆነ የልቦለድ ውበት አይፈለግበትም። ይሁን እንጂ ከእኛው የአቤቱታ ልማድ ጋር ሲተያይ ሁለት ነገር ይለወጣል። በእኛ ወግ “አቤት! አቤት!” የሚለው የተበደለው ራሱ ወይም ወገኑ ነው፤ ዋስ የሚሆነውም የሚያውቀው ሰው ነው። እዚህ ግን አቤት ባዩ ባይተዋር ነው። ሁለተኛው የስም ነገር ነው። መንግሥት እነዚህን ሴቶች የያዛቸው “የእገሌ ሚስት” አድርጎ ነበር፤ ደብዳቤው በራሳቸው ስም ጠራቸው። “ፀሐይ ቶለሳ የት ናቸው?” የሚል ጥያቄ በባለሥልጣን ጠረጴዛ ላይ ሲከማች፣ መልስ ባይሰጠውም እንኳ የተረሱ ናቸው ለማለት አያስችልም።

ሁለቱም በ1981 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በዘመን መለወጫው ዋዜማ ተፈቱ። ያስፈታቸው ደብዳቤው ነው ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። በዚያው ዓመት መንግሥት በሽሬ ትልቅ ሽንፈት ደርሶበታል፤ በግንቦት የጄኔራሎቹ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደርጓል፤ የሶቪየት ድጋፍም ቀዝቅዟል። ለምዕራቡ ዓለም ፊቱን ማሳመር የፈለገ መንግሥት ግን ማንን ቢፈታ እንደሚመሰገን ያወቀው ከእነዚያ ደብዳቤዎች ይመስለኛል። ስማቸው በማንም ደብዳቤ ላይ ያልተጻፈ የወለጋ ገበሬ ሴቶች ዕድል ከዚህ የተለየ ነበር፤ የዘመቻው ትልቁ ጉድለትም ይኸው ነው።

ነገሩ በደርግ ዘመን አላበቃም። የቀድሞዋ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. እንደገና ተይዘው በቃሊቲ ለብቻቸው ለወራት ተዘግቶባቸው ነበር፤ እናታቸውና ሕፃን ልጃቸው ብቻ ይጠይቋቸው ነበር። ይህ የሆነው የታሰረ ሰው ከዘመዶቹ፣ ከወዳጆቹ፣ ከሃይማኖት አባትና ከጠበቃ ጋር እንዲገናኝ የሚፈቅደው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 ከጸና በኋላ ነው። ደብዳቤው ያን ጊዜም ተጻፈ፤ በመስከረም 2003 ዓ.ም. ተፈቱ።

የዓለም በቃኝ ሕንፃ ፈርሶ ቦታው በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ሆኗል። ወይዘሮ ፀሐይ በ2007 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ታሪካቸውን አውድ ሴቨሮስ የተባለች ጸሐፊ በመጽሐፍ አውጥታ እ.ኤ.አ. በ1993 በጀርመንኛ ታትሟል። ማርታ ኩምሳ በካናዳ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ሆነዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለሚፈልጉ ተማሪዎቼ የምጠቁመው ግን ከመጻሕፍቱ ውጪ ያለውን ነው፤ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ስንቅ ቋጥረው አዲስ አበባ ድረስ ይመላለሱ የነበሩ እናቶችና እኅቶች የሚያስታውሱትን፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ከአንደበታቸው ሄዶ መቅረጽ ነው።