የዶን ፓትሪሲዮ ዜና

የአየርላንዳዊውን የእግር ኳስ ተጫዋችና አሠልጣኝ የፓትሪክ ኦኮነልን ዜና እንጽፋለን፤ ዘመኑንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንቆጥራለን።

በ1887 በደብሊን ተወለደ። በወጣትነቱ ለቤልፋስት ሴልቲክ ተጫወተ፤ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝ አገር ለሼፊልድ ዌንስዴይና ለሀል ሲቲ ተሰለፈ። በ1914 የአየርላንድ ጭፍራ እንግሊዝን በገዛ ሜዳዋ 3 ለ 0 ድል ነሥቶ የብሪታንያ አገሮችን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ሲወስድ እርሱም ከጭፍራው ጋር ነበረ። በዚያው ዓመት ማንችስተር ዩናይትድ በ1,000 ፓውንድ ወሰደው፤ አምበልም አድርጎ ሾመው።

በ1915 በስቅለት ዕለት ዩናይትድ ሊቨርፑልን 2 ለ 0 አሸነፈ። ኦኮነል በዚያ ጨዋታ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ ነበር። ኋላም ውጤቱ አስቀድሞ ለቁማር የተመከረበት መሆኑ ታወቀ፤ ከሁለቱም ወገን ሰባት ተጫዋቾች ዕድሜ ልክ ታገዱ። ኦኮነል ግን አልተቀጣም።

በ1922 ሚስቱንና አራት ልጆቹን በማንችስተር ትቶ ወደ ስፔን ወረደ፤ የሳንታንደርን ክለብ ሊያሠለጥን ሆነ። ገንዘብ ይልክላቸው ነበር፤ አባትነቱ ግን ከእነርሱ ራቀ። ይህን ጥፋቱን አንሸሽግም። የስፔን ሰዎች ግን ወደዱት፤ ዶን ፓትሪሲዮም አሉት።

ከሳንታንደር ወደ ኦቪዬዶ፣ ከኦቪዬዶም ወደ ሴቪያ ከተማ ወደ ቤቲስ ሄደ። ሚያዝያ 28 ቀን 1935 የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ በቀድሞ ቤቱ በሳንታንደር ሜዳ ሆነ። ቤቲስ 5 ለ 0 አሸነፈ፤ ማድሪድንም በአንዲት ነጥብ ቀድሞ የስፔን ሻምፒዮን ሆነ። ቤቲስ ከዚያ ወዲህ ይህን ማዕረግ ደግሞ አላገኘም።

በዚያው ዓመት ባርሴሎና ጠራው። ሰኔ 21 ቀን 1936 በቫሌንሲያ ለስፔን ዋንጫ ከማድሪድ ጋር ተጋጠሙ፤ ማድሪድም 2 ለ 1 ይመራ ነበር። በመጨረሻው ደቂቃ የባርሴሎናው ኤስኮላ ኳሷን ወደ ግቡ ማዕዘን መታት፤ ደረቁ ሜዳ አቧራ አነሣ፤ ሕዝቡም ገባች ብሎ ጮኸ። አቧራው ሲገለጥ የማድሪድ በረኛ ዛሞራ ኳሷን ይዞ ቆሞ ታየ።

በተከታዩ ወር በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። በነሐሴ የክለቡን ፕሬዚዳንት ጆሴፕ ሱኞልን የአማፂው ጄኔራል የፍራንኮ ወታደሮች ገደሉት። ኦኮነል ያን ጊዜ ለዕረፍት በአየርላንድ ነበረ፤ በሰላም አገር መቅረት ሲችል ተመለሰ። በ1937 አንድ ነጋዴ 15,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ክለቡን ወደ ሜክሲኮ ጋበዘ። ኦኮነል ተጫዋቾቹን እየመራ ሄደ፤ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ተሻገሩ። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ጦርነቱን ሸሽተው በስደት ቀሩ፤ ዶን ፓትሪሲዮ ግን ወደ ባርሴሎና ተመለሰ። የተገኘውም ገንዘብ በፓሪስ ባንክ ተቀመጠ፤ በዕዳ ሊፈርስ የደረሰውን ክለብ ከሞት አዳነው።

ከዚህም በኋላ ቤቲስን፣ ሴቪያንና ሳንታንደርን አሠለጠነ። በመጨረሻም በለንደን ደኸየ፤ የካቲት 27 ቀን 1959 በችግር ሞተ፤ ስም ባልተጻፈበት መቃብርም ተቀበረ። ድንጋይ የቆመለት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ወዳጆቹ ገንዘብ ሲያዋጡለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ የባርሴሎና ዋንጫዎች በተቆጠሩ ጊዜ በ1937 ክለቡን ይዞ ባሕር የተሻገረውን ሰው ስም አብረህ ጥራ።